ሌሊት ማን አብሮት ያድራል?

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ሁለተኛዋን ስትወልድ ላርሳት ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ቤታቸው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው፣ የሀገራችን ሰው በብዛት በሚኖርበት ከተማ ነው። እንደማንኛዋም እናት ሻንጣዬን በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በገንፎ ዱቄትና በዳቦ ቆሎ ሞልቼ ነበር። ለካ ሌላ ሽሮ ቀድሞኝ ቤቱ ውስጥ ይኖር ኖሯል። ሽሮ የውሻው ስም ነው። ቀለሙ የሽሮ ዱቄት ስለሚመስል ስሙን ያወጣለት የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው።

እኔ ስደርስ ግን ሽሮ ቤት አልነበረም። ልጄ ውሻ እንደምፈራ ታውቃለች፤ ቤቱም አራስ ቤት ነው። ስለዚህ ለአሥር ቀን የውሻ ማቆያ አስገብተውታል። መዋያውም ማደሪያውም እዚያው ነው። የአንዱን ሌሊት ሒሳብ ስሰማ «እግዚኦ!» ብዬ አማተብኩ። የልጅ ልጄ ግን ፊቱ አልፈታም። ሳመኝና ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ማታ እናቱን «ሽሮ የሚመጣው እማማ ስትሄድ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ። እኔ ደግሞ የመጣሁት ስድስት ወር ልቆይ ነው።

ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩት ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። አንድ ቀን ሰባት ዓመት የሚሆነውን እረኛ ልጅ አባቱ ተሸክሞት መጣ። ውሻ ከነከሰው ሁለት ወር አልፎት ቁስሉም ደርቋል። መጀመሪያ የወሰዱት ወደ መድኃኒት አዋቂ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ ውኃ በኩባያ ስናቀርብለት ጉሮሮው ይተናነቃል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽተኛውን ማትረፍ ያኔም አልተቻለም፤ ዛሬም ቢሆን የሚተማመኑበት መድኃኒት የለውም። በሁለተኛው ሌሊት አረፈ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። አባትየው እጄን ይዞ «የዚያኑ ቀን ባመጣው ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም።

በዚያን ጊዜ ክትባቱ ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ሰዉ ከበሽታው እኩል መርፌውን ይፈራል። «ፓስተር ሄደ» ሲባል ምን ማለት እንደነበር በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ውሻ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ልጅ ነው። ይህንን ለልጅ ልጄ እንዴት ብዬ ልንገረው?

በአሥረኛው ቀን አማቼ ሽሮን አመጣው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል፤ ሽሮ ግን ካደረበት ይዞ የመጣው ሳል ነበር። በመጣ በሁለተኛው ሌሊት አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ይመስል ያንቀው ጀመር። ሲያስል ቤቱ ይናወጣል፣ አራሷ ትነቃለች፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች። አንገቱ ላይ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ተልጧል። ከስቷል። የልጅ ልጄ አቅፎት ቁጭ አለና ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ አንቺ ስለመጣሽ እኮ ነው» አለኝ።

በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኔ ብዙ ተወቅሻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አንጀቴን የበላኝ የለም።

ልጄ ማቆያው ጋ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ወጣት «አዎ፣ ሌሎችም ይዟቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት ነው የጀመረው» አለቻት። ባለፈው ሳምንት! አማቼ በየሁለት ቀኑ ሲደውል «ደህና ነው፣ ሲጫወት ይውላል» ነበር የሚሉት። ፍርድ ግን ሚዛን ይፈልጋልና የራሳችንንም ጥፋት ልናገር። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ስንሄድ የሽሮ የሳል ክትባት ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። የእብድ ውሻውን አሟልተዋል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ውሻ አራት ወር ሳይሞላው እንዲከተብ ሕጉ ያስገድዳል። የሳሉን ግን ማቆያው አልጠየቀም፣ እኛም አላስታወስንም።

ሐኪሙ የተህዋሲውን ስም ሲጠራ ጆሮዬ ቀጥ አለ። ቦርዴቴላ አለ። እኔ ስንት ዓመት ስከትብለት የኖርኩት የልጆች ትክትክ እኮ የሚመጣው ከዚሁ ቤተሰብ ነው! የውሻው የትክትክ የአጎት ልጅ በሉት። ውሾች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቦታ በትንፋሽና በጋራ የውኃ ሳህን ይዛመታል። ክትባቱ ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም ያቀለዋል። ብዙውን ጊዜም በሁለትና በሦስት ሳምንት ይሻላል። ወደ ሰው የሚተላለፈው እምብዛም ነው። ቢሆንም አራስ ልጅ ባለችበት ቤት አደጋ አልጋብዝም ብዬ ሽሮን ምድር ቤት ለይቶ ማቆያ አስገባሁት።

ታዲያ ማን ይጠብቀው? ልጄ አራስ ናት፣ አማቼ ሌሊት ሥራ ነው፣ ልጁ ተማሪ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ነርስ በሽተኛ አትመርጥም ብዬ፣ ልቤ እየመታ ወረድኩ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደረጃው ላይ ወንበር አድርጌ በሩቁ አደርኩ። በሁለተኛው ውኃውን አስጠጋሁለት፣ መድኃኒቱን በምግብ ደብቄ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሌሊት ሲያስል ቆይቶ ደከመውና መጥቶ ጭንቅላቱን ነጠላዬ ላይ ጣል አደረገ። ተንቀጠቀጥኩ። ግን አልገፋሁትም። ሲነጋ የልጅ ልጄ በፒጃማው ወርዶ እንደዚያው ሆነን አገኘን። ምንም አላለም፤ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ያኔ ነው የዚያን እረኛ ልጅ ታሪክ የነገርኩት። አዳምጦ ሲያበቃ «ሽሮ እኮ ተከትቧል» አለኝ። አዎ፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

አራስ ጥየቃ የሚመጡት እናቶች የሽሮን ነገር ሲሰሙ ጨዋታው ሁሉ ወደ ውሻ ዞረ። አንዷ የእሷ ውሻ ማቆያው በር ሲደርሱ ከመኪናው ዘሎ እንደሚወርድ፣ ማታም ሮጦ ስለሚደክመው ዝም ብሎ እንደሚተኛ ነገረችን። ሌላዋ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ውሻ አላት። ለኢንሱሊኑ ተጨማሪ ቢያስከፍሏትም እያንዳንዱን መርፌ ሰዓቱን ጽፈው፣ ፈርመው ሰጥተዋታል። ሦስተኛዋ ዓይን አፋር ውሻዋን እዚያው፣ የመጀመሪያዋ በምታመሰግነው ቤት አስገብታ ጆሮውን ተነክሶ ወጣ። አሁን የሚቀልበው ሰው ቤቷ ድረስ ይመጣል። ይህ ነገር ለሕፃናት ማቆያም ይሠራል፤ ለአንዱ የተመቸ ቤት ለሌላው ላይመች ይችላል። ጎረቤት ስላመሰገነ ብቻ አይበቃም፣ የራስን ልጅ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽሮ ዳነ። ሕፃኗም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ከዚያ አትላንታ የዘመድ ሰርግ መጣና ሽሮን ለአምስት ቀን የግድ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ሆነ። «ማቆያውን እኔ ልምረጥ» አልኳቸው። ጤና ጣቢያ ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ምን እንደሚያይ ያውቃል። አስተርጓሚዬ የልጅ ልጄ ሆነ።

ሦስት ቦታ አየን። የመጀመሪያው ከእንግዳ መቀበያው ወዲያ አላሳልፍም አለን። ልጅህን ተቀብሎ ክፍሉን የማያሳይህ ቤት ምን ይባላል? ወጣን። ሁለተኛው ፊቱ አበባ በአበባ ነው። ኋላውን ሲከፍቱት ግን የሽንትና የበረኪና ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የበዛ በረኪና ንጽሕና አይደለም፤ ሽታ መሸፈኛ ነው፣ የእንስሳውንም መተንፈሻ ይጎዳል። እኔ ስለ ክትባት ስጠይቅ የልጅ ልጄ በራሱ አንድ ጥያቄ ጨመረ። «ሌሊት ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል?» ሠራተኛው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሰው እንደሌለ፣ ግን ካሜራ እንዳለ ነገረን። ልጁ አሰበና «ካሜራ በር አይከፍትም» አለኝ በአማርኛ። እኔ አርባ ዓመት የሌሊት ተራ ያደርኩት ሴት ያንን ጥያቄ ሳልጠይቅ ልወጣ ነበር።

ሦስተኛው ሕንፃው ያረጀ ነው። ወለሉ ግን ወደ ፍሳሹ ያዘነበለ፣ ደረቅና ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ ውሻ ስም፣ ምግቡ፣ መድኃኒቱና የባለቤቱ ስልክ ተጽፏል፤ የእኛኑ የተኝቶ ታካሚ ክፍል ሰሌዳ አስታወሰኝ። ትልቁና ትንሹ ለየብቻ ይጫወታሉ። የሚያስል ውሻ የሚገባበት በሩ የተለየ ክፍል አለ። ጠዋትና ማታ ተረኞቹ በጽሑፍ ይረካከባሉ። ሌሊት አንድ ሰው አብሯቸው ያድራል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን እነሱ እኛን መጠየቃቸውን ነው። የክትባት ካርዱን ቀን በቀን አዩ። ምን ያስፈራዋል፣ ምን ይበላል፣ ቢታመም ማን ጋ እንደውል አሉ። ምግብ ድንገት ሲቀየር ሆድ ስለሚያውክ የራሱን ምግብ እንድናመጣ፣ ከጉዞው በፊትም ግማሽ ቀን አውለን እንድንሞክረው ነገሩን። የለመደውን ሽታ የያዘ ጨርቅም ጠየቁን። የልጅ ልጄ እኔን አየኝ። ነጠላዬን አውልቄ ሰጠሁት።

አትላንታ በገባን ማግስት ስልክ ተደወለ። ሽሮ ማታ ምግቡን አልበላም አሉን። ልጄ ደነገጠች። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ያልበላውን ያልደበቀ ሰው ሌላውንም አይደብቅም። በሦስተኛው ቀን መብላት ጀመረ፤ ነጠላዬ ላይ ተኝቶ የተነሳውን ፎቶ ላኩልን። ስንመለስ መጀመሪያ ልጁ ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ ተጠመጠመ። እኔም አልሸሸሁም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ይህንን ስናገር ጎረቤቶቼ «ለውሻ አልጋ ተከራይታ መጣች!» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሰው የሚበላው ባጣበት ሀገር ለውሻ ማደሪያ መክፈል እንደሚያስቅ አውቃለሁ፣ ክፈሉም አልላችሁም። ግን ለበዓል ሀገር ቤት ስትወርዱ የግቢያችሁ ውሻ ምን ይሆናል? በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ለጥበቃው «ፍርፋሪ ጣልለት» ተብሎ ይተዋል። የተራበና የታሰረ ውሻ ይናከሳል፣ ፈትቶ ሲያመልጥም መንገድ ለመንገድ ከማን ጋር እንደተናከሰ አይታወቅም። ተመልሶ የሚገባው ደግሞ የልጅ ልጆቻችን ወደሚጫወቱበት ግቢ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ክትባቱን አድሱ፤ የሚቀልበውን ሰው ስም ጠርታችሁ አስረክቡ፤ ገንዘብና ስልክ ተዉለት።

ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የዛሬው ክትባት ክንድ ላይ የሚወጋ ነው፣ እንደ ድሮው አያስፈራም። «ውሻው የጎረቤት ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ለዚያ አባት ያልመለስኩለት መልስ ይህ ነው። አዎ፣ የዚያኑ ቀን ታጥቦ፣ ቶሎ ክትባቱን ጀምሮ ቢሆን ሊተርፍ ይችል ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የልጅ ልጃችሁን ማቆያ ስታስገቡ፣ ወይም የታመመች እናታችሁን ለሠራተኛ ትታችሁ ስትወጡ፣ ስለ ግድግዳው ቀለምና ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። የስምንት ዓመቱ ልጅ የጠየቀውን ጠይቁ፤ ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል? መልሱን በስሙ የሚጠራ ሰው ካላገኛችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

ሽሮ አሁንም ደህና ነው። ነጠላዬንም አልመለሱልኝም።

ቸር እንሰንብት።