የሩብ ሰከንድ ጥፋት

 የድሮ ተማሪዎቼ በተለይ፣ ይሄንን የምጽፈው ሳቁብኝ ብዬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ኦቦ (ስማቸውን ልተወው) ያለቻቸው አንዲት ቁልፍ ጠፍታባቸው ያሪሳቸውን አስጎትተው እዚሁ ኑኑ ቁምባ እኔ ጋ አመጡ። ሊብሬውን አይቼ ተቀበልኳቸው። ሥራው አዲስ አይደለም። የሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያውቃቸው ቁልፎች ኮድ ባለ ስምንት እግሯ 93ሲ66 ሚሞሪ ላይ ነው ያለው፤ ጠቅላላ 512 ባይት። በካውያ ነቅዬ አነበብኳት፣ ኦሪጅናሉን አስቀመጥኩ። አዲስ ቁልፍ እንድትቀበል አስተካክዬ ልጽፍባት ስል ላፕቶፑ የፕሮግራመሩን ሳጥን "አላውቀውም" አለኝ።

ሳጥኑን ፈታሁት። ቦርዱ ላይ ሁለት ባዶ ነጥቦች አየሁ፣ ሪሴት መሰሉኝ፣ በወረንጦ አገናኘኋቸው።

ሪሴት አልነበሩም። የኤቲ91ሳም7ኤስ256 መደምሰሻ እግር ናት። ለ220 ሚሊሰከንድ ያህል 3.3 ቮልት ካገኘች 256 ኪሎባይቱን ፍላሽ ጠራርጋ ታጠፋዋለች። ዓይን እስኪርገበገብ ማለት ነው። ይሄንን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁ እኔው ነኝ! "ከሌላ ሰው ሳጥን ገልብጠህ መልሰው" እንዳትሉኝ፤ አምራቹ ሴኩሪቲ ቢቱን ከቆለፈው ውስጡ አይነበብም፤ ቁልፉ የሚፈታው ደግሞ በዚችው እግር፣ ሁሉም ሲጠፋ ብቻ ነው።

ኦቦ በየጠዋቱ መጥተው በሬ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። "መብራት ጠፍቶ ነው" አልኳቸው። በማግስቱም እንደዛው። በሦስተኛው ቀን "የጎረቤትህ ወፍጮ ሲፈጭ ሰማሁ" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። አፈርኩ። ቁጭ ብዬ የሆነውን በሙሉ ነገርኳቸው። አድምጠው ሲያበቁ "የኔ መኪናስ ደህና ናት?" ብቻ ነው ያሉት። ደህና ናት፣ የእሳቸው ፋይል ተቀምጧል። ያላስቀመጥኩት የራሴን ነው።

ሻጩ በሲዲ የሰጠኝ የሳጥኑ ፋይል ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ሄዷል፤ ሲዲውም ተቧጥጧል። ያኔ 2012 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ወለጋ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ ምንም ማውረድ ስለማይቻል፣ ያለኝን ማኑዋልና ፋይል ሁሉ በፍላሽ ለተማሪዎች አድዬ ነበር። ነቀምቴ የሚሠራው አንዱ ጋ ደወልኩ።

"ቲቸር፣ እርስዎ የሰጡኝን እንዴት አጠፋለሁ?" አለና በቴሌግራም ላከልኝ። መጠኑን አየሁ፦ 262,144 ባይት። ልክ 256 ኪሎባይት። አንድ ቢጎድል አልጽፈውም ነበር።

ከዛ ቲኤስቲ የምትባለዋን እግር 3.3 ቮልት ላይ አስሬ (ፒኤ0፣ ፒኤ1 እና ፒኤ2 ወደ ግራውንድ መጎተት የለባቸውም) ሳጥኑን ከ10 ሰከንድ በላይ ኃይል ሰጠሁት። ነቀልኩት፣ ሽቦውን አነሳሁ፣ መልሼ ሰካሁት። እንዲህ ሲደረግ ቺፑ ከፋብሪካ ይዟት የመጣው ማስነሻ ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ትገለበጥና ላፕቶፑ ያገኛታል። አላገኛትም። ደገምኩ። አሁንም የለም። ተስፋ ልቆርጥ ስል ዝም ብዬ የዩኤስቢ ኬብሉን ቀየርኩ።

ታየች።

ደስ ይለኛል ስትሉ ኬብሉን ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ሳጥኑ ለካ መጀመሪያውኑ ምንም አልነካውም! ኬብሉ ነው የተበጠሰው። ያን ሁሉ ቀን ያመመኝ በራሴ ወረንጦ ነው።

ፋይሉን ጻፍኩ፣ መልሼ አንብቤ ከተላከልኝ ጋር አመሳከርኩ፣ አንድ ነው። 93ሲ66ቷንም ጽፌ ቦታዋ መለስኳት። ያሪሷ በአዲሱ ቁልፍ በአንድ ምት ተነሳች። ሂሳብ ስንተሳሰብ የቁልፉን ብቻ ጠየቅኩ። ኦቦ ከፍለው ሲያበቁ መቶ ብር ጨመሩልኝ።

"ይሄስ የምን ነው?" ስላቸው፣ "የመብራት" አሉኝ።