ልብሰ አረር

ባለፈው ሰሞን ፍሪጃችንን ሊያድስ የመጣው ጠጋኝ ሥራውን ፈጽሞ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ፣ ስንዝር የማትሞላ የመዳብ ቱቦ ቁራጭ በጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ፤ የሙሉ ሜትር ሒሳብ አስከፍሎኛልና ቁራጯ የራሴ ገንዘብ ናት ብዬ አነሣኋት። በጣቶቼ መካከል እያሽከረከርኋት ሳለ፣ በአሜሪካ አገር አንድ ሰው እንዲህ ካለው ቱቦ ለጠመንጃ አረር ልብስ ይሰፋ እንደ ነበር ከብዙ ዘመን በፊት የሰማሁት ትዝ አለኝ። ይህንኑ ለጎረቤቴ ለጡረተኛው መቶ አለቃ ባጫውታቸው፣ «ልጄ፣ እሱ ከባዶ ቀለሃ ነው እንጂ ከቱቦ አይደለም» ብለው በሰው ፊት ስለ ረቱኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተገደድሁ።

አረር ጥንት ራቁቱን ነበረ። የጥቁሩ ባሩድ ግፊት ልዝብ ስለ ነበር፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ እርሳሱን ይዞ ሲያሽከረክረው የከፋ ጉዳት አያገኘውም ነበር፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1884 ጢስ አልባውን ብርቱ ባሩድ ባወጣ ጊዜ፣ ለስላሳው እርሳስ ፍጥነቱን መቋቋም ተስኖት እየተላጠ በርሜሉ ላይ የሚለጠፍ ሆነ። የሚያስደንቀው ግን ልብሱ ከብርዱ ቀድሞ መሰፋቱ ነው፤ ቱን በምትባለው የስዊስ ከተማ የነበረው ኤድዋርድ ሩቢን እርሳሱን መዳብ ያለበሰው በ1882 ነውና። ዛሬ ፋብሪካዎች በብዛት የሚያለብሱት ከመቶ ዘጠና አምስቱ እጅ መዳብ፣ አምስቱ ዚንክ የሆነውን ቅይጥ ነው፤ የግዕዝ ሊቃውንት ሁሉንም ብርት ብለው ባለፉት ነበር።

እስከዚህ ድረስ መቶ አለቃውና እኔ አልተጣላንም። ጠባችን በየጓዳው ስለሚሰፋው ልብስ ነው።

የእኔ ምስክር ፍሬድ ባርንስ ነው። በ1932 በኮሎራዶ፣ በቤይፊልድ መንደር፣ ከቤቱ ምድር ቤት ሆኖ አረር መሥራት የጀመረው ይህ ሰው፣ ልባሱን ያወጣ የነበረው ከመዳብ ቱቦ ነው፤ ቱቦው በልክ ይቆረጣል፣ እርሳስ ይገባበታል፣ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል። ቱቦ ስስም ወፍራምም ይገኛልና፣ ባርንስ ለቀላሉ አውሬ 0.032 ኢንች፣ ለከባዱ 0.049 ኢንች ውፍረት ያለው ልባስ ያቀርብ ነበር። የእኔዋን ቁራጭ ከንፈር በልጄ ማስመሪያ ብለካት ከአንድ ሚሊሜትር አትደርስም፤ ለጎሽ የማትሆን፣ ምናልባት ለሚዳቋ የምትበቃ ናት።

የመቶ አለቃው ምስክርም፣ እውነት ለመናገር፣ የዋዛ አይደለም፤ እሱም ፍሬድ ነው፣ ፍሬድ ሀንቲንግተን። በካሊፎርኒያ፣ በኦሮቪል ከተማ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አረር ከገበያ በጠፋ ጊዜ፣ ይህ ሰው የተተኮሰ የሃያ ሁለት ካሊበር ቀለሃ እየለቀመ ወደ ልባስ የሚለውጥ መሣሪያ ሠራ፤ የሠራውም በአባቱ የልብስ ንጽሕና ቤት ጓሮ ክፍል ነው። የሰው ልብስ ከሚታጠብበት ቤት የአረር ልብስ መውጣቱን ሳስብ ለመቶ አለቃው ግማሽ ድል ልሰጣቸው ቃጣኝ። የመሣሪያውም ስም ሮክ ቸክ ከሚባል፣ በድንጋይ ክምር መካከል ከሚኖርና የተኳሾች ዒላማ ከሆነ እንስሳ የተወሰደ ነው፤ ሀንቲንግተን ባቋቋመው፣ አር ሲ ቢ ኤስ በሚባለው ኩባንያ ስም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ይህንኑ እንስሳ ይጠቁማሉ። ሥዕሉን ሳየው የእኛን ሽኮኮ መሰለኝና፣ ዝምድናቸውን ለማጣራት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አባከንሁ፤ ዘመድ አይደሉም። ሮክ ቸክ የአይጥ ወገን ሲሆን፣ ዳዊት በመዝሙሩ ዓለቱን መሸሸጊያ ያደረገለት የእኛው ሽኮኮ ግን፣ ይመኑኝ፣ ለዝሆን ይቀርባል። ለአረር ጉዳይ ይህ ምንም አይረባም፤ ግን ከሰዓት በኋላዬ ስለ ሄደበት ጻፍሁት።

እንግዲህ ዓመቱ ተቆጠረ፤ ባርንስ በ1932፣ ሀንቲንግተን ከዐሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ። ማስረጃዬን ይዤ ሄጄ ባነብላቸው፣ መቶ አለቃው ሻያቸውን ፉት ብለው፣ «ውጅግራን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ስሙ ከፈረንሳይኛው ፉዚል ግራ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ አልኋቸው። «እንግዲያውስ የ1874ቱ ግራ እርሳሱን በወረቀት ጠቅልሎ ይተኩስ ነበር። ቱቦህም ቀለሃዬም ከወረቀት በኋላ የመጡ ናቸው» ብለው ሣቁ። እውነት ነው።

ስመለስ ቁራጯን ከጠረጴዛዬ ላይ አጣኋት። ባለቤቴ ከሁለት ባዶ ጠርሙስና ከአንድ የተበሳ ድስት ጋር ለቆራሌው ሰጥታው ኖሯል፤ ቆራሌውም ጠርሙሱን ብቻ ቆጥሮ ከፍሏል።