ሁለት ስም የነበራቸው አያት

በትርፍ ጊዜያችን ከምንጫወታቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች መካከል ዓለማቸው ጨለማ የሆነ አሉ። በዚያ ዓለም ደራሲው አማልክትን ይፈጥራል፤ ንጉሡ አንዱን እምነት በዐዋጅ ይከለክላል፤ አማኞቹም በዋሻ ተሸሽገው ያመልካሉ። ጓደኞቼ በፈጠራው ይደነቃሉ። እኔ ግን የወልድያ ልጅ ነኝና ብዙ አይደንቀኝም፤ እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን በእውነት ተፈጽሟልና።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ደስክና ዲኖ የሚባሉትን ጣዖታት ማምለክ በሞት ያስቀጣ ነበር። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን፥ ክርስቲያኑ በግንባሩ የሥላሴን ስም፥ በእጆቹም ሰይጣንንና ደስክን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ ታዘዘ። የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ በዚሁ ተከሰው ከቅጣት አልዳኑም። ግንባር ቢጻፍበትም ልብ አይነበብምና፥ የሐሰት ከሳሽ በዛ።

የእኛን ወሎ የነካው ግን በ1870 ዓ.ም. ከዛሬዋ ደሴ አጠገብ የተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ምኒልክም ባሉበት፥ በመጀመሪያ የክርስቲያኖቹን ክርክር ቆረጡ፤ ተዋሕዶ ጸናች፥ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ቀጥሎም የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሼህ ጦልሐ እምቢ ብለው ተነሡ። ከሕዝቡ ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፥ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ።

የነገሩ ምሬት ኋላ ታየ። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ነገሡ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሻሩ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘነበሉ የሚል ነበር። አባት በዐዋጅ ሃይማኖት ለወጡ፤ ልጅ በጥርጣሬ ዙፋን አጡ። ዐዋጅ ሰውን መደበቅ ያስተምረዋል፤ መልሶም ተደበቅህ ብሎ ይከሰዋል።

በእኛ ቤት ሰባት ቤት ሲቆጠር አንዱ አያት ሁለት ስም አላቸው፤ አንዱ ለሹም የሚነገር የክርስትና ስም፥ አንዱ በጓዳ የሚጠሩበት የእስልምና ስም። ልጆቻቸው ገሚሱ በዚህ፥ ገሚሱ በዚያ ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ መርሳ ያሉት ዘመዶቻችን ለሠርግ ሲመጡ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሥጋ ለየብቻው ይታረዳል፤ ቡናው ግን አንድ ነው። የወሎ ፍቅር እየተባለ የሚመሰገነው ይህ ኑሮ በዋዛ የተገኘ አይደለም፤ ያን ሁሉ መከራ ያሳለፉ ሰዎች ያቆዩልን ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ደንግጓል። ዳሩ ግን አዲስ ተማሪ ወደ መኝታ ክፍላችን ሲገባ የአባቱን ስም ጠይቀን በዐይናችን የምንጠቃቀስ አለን። ወንድሞቼና እኅቶቼ! የሰውን ግንባር ማንበብ የነገሥታት ሥራ ነበር። እኛ ለእንግዳው አልጋውን እናሳየው፤ ቡናም እንጋብዘው፤ የልቡን ለፈጣሪው እንተወው።