ውኃ የተኛበት አፈርና የእኔ ጠርሙሶች

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከወረታ ብዙም በማይርቅ የሩዝ ማሳ ዳር፣ አጎቴ መርጫውን ከጀርባቸው አውርደው እጃቸውን እየታጠቡ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ የምትማሪው ስለ አፈር ነው አሉ። ይህ ቱ-ፎር-ዲ እስከ ጥቅምት ከመሬቱ ይለቅልኛል? ጓያ ልዘራበት ነው።» እኔም ሳላመነታ «ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፤ አፈሩ ራሱ ይበላዋል» አልኳቸው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መልስ ነው።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። ገበሬው ሩዙን ሲያነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ቱ-ፎር-ዲ ደግሞ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ነው፤ ሩዝ እንደ ሣር ዘመዶቹ ይቋቋመዋል፣ ጓያ ግን አይቋቋመውም። ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ ከጉጉት የመጣ አልነበረም፤ የቤት ሽሮና የከብት መኖ ጉዳይ ነበር።

መልሴን ያገኘሁት ከቤተ ሙከራ ነው። የካቲት ላይ ከዚያው ማሳ አፈር ወስጄ ነበር፤ መሬቱ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሮ ነበር። ያመጣሁትን በጥላ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ነፍቼ በጠርሙሶች ከፋፈልኩት። ጥቂት ውኃና ቱ-ፎር-ዲ ጨምሬም ቀንና ሌሊት በሚነቀንቅ መሣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ መጠኑ በድንገት ይወርድ ጀመር፤ በአሥራ አራተኛው ቀን የክሮማቶግራፊ መሣሪያችን ሊያገኘው አልቻለም። በአውቶክሌቭ የተቀቀለው ማነጻጸሪያ አፈር ውስጥ ግን ኬሚካሉ እንዳለ ቆየ። በላተኞቹ ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸው ግልጽ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ።

ይህ መዘግየትና ድንገተኛ መውረድ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤል. ጄ. አውደስ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ያንኑ ገልጾታል። ኬሚካሉ በድጋሚ ሲጨመር መዘግየቱ ይጠፋል፤ ሊበሉት የሚችሉት ባክቴርያዎች በመጀመሪያው ዙር ተራብተዋልና። አበላላቸውም ከሌሎች ፀረ-አረም ኬሚካሎች ይልቅ በደንብ ከተጠኑት አንዱ ነው። ጄኤምፒ134 በሚባለው ባክቴርያ ውስጥ፣ ፒጄፒ4 በተባለች ፕላዝሚድ ላይ የተጻፉ ኢንዛይሞች ሥራውን ተራ በተራ ይቀባበላሉ። የመጀመሪያው ጎን ላይ የተቀጠለውን ሰንሰለት ቆርጦ ዳይክሎሮፌኖል ያስቀራል፤ ሁለተኛው ይህን ወደ ዳይክሎሮካቴኮል ይለውጣል፤ ሦስተኛው የቀለበቱን አካል ይሰብራል። ይህን ሁሉ ለፈተና በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ሦስቱም ኢንዛይሞች የሚሠሩት በኦክስጅን መሆኑንም አጥንቻለሁ፤ ከአጎቴ ማሳ ጋር ግን አላያያዝኩትም።

ያያያዝኩት ነሐሴ ላይ፣ የሩዝ ሥር ናሙና ለመውሰድ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ስገባ ነው። አካፋው የገለበጠው ጭቃ ግራጫ ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር። ከላዩ ብቻ ከጥፍር ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ቡናማ ቆዳ አለው፤ በሥሮቹም ዙሪያ የዝገት ቀለም ያለው ሽፋን ተለብጧል። አየር እስከዚያች ቆዳ ድረስ ይደርሳል፤ የቀረውን ሩዙ በግንዱ ቱቦዎች ወደ ሥሩ አውርዶ ጥቂቱን ያፈሰዋል። ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ውጪ ያለው ጭቃ ትንፋሽ የለውም፤ ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት በአሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነውና። እዚያ የሚኖሩት ባክቴርያዎች በናይትሬት፣ በብረትና በሰልፌት ይተነፍሳሉ፤ የሽታው ምንጭም ይኸው ነው። ታዲያ የእኔ የሚነቀነቅ ጠርሙስ የትኛውን ማሳ ነበር የሚወክለው? የየካቲትን። በየካቲት ደግሞ ማንም ፀረ-አረም አይረጭም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ልጨምር። አፈርን ማድረቅ፣ መፍጨትና መንፋት በየመመሪያው ስለተጻፈ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። የጥናት ዕቅዴን ስከላከልም ስለ ወንፊቱ ቀዳዳ ተጠይቄያለሁ፤ ስለ ውኃው የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሙከራውን ደገምኩት። ያልደረቀ ጭቃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ውኃ አስተኝቼበት፣ ሳልነቀንቅ አቆየሁት። በአሥራ አራተኛው ቀን አብዛኛው ቱ-ፎር-ዲ እንዳለ ነበር። አየር በሌለበትም መፍረስ አለ፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ክሎሪኖቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ፣ ይህም ወራት ሊወስድ ይችላል። መስከረም ላይ የመለኪያ መሣሪያው ወረፋ ረዘመ፤ አጎቴ ግን የሚዘሩት በጥቅምት ነው።

መጀመሪያ መሳሳቴን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲህ አፈሩን የሚያውቅ መሣሪያ ከሌለ ማን ይንገረን?» አሉ። ያኔ አውደስ ራሱ መርዙን ይለካ የነበረው በፌጦ ሥር እንደነበር ትዝ አለኝ። ፌጦ ደግሞ ከአጎቴ ባለቤት ጓዳ ጠፍቶ አያውቅም። ከማሳው ላይኛ ክፍል፣ ውኃ ከሚቆምበት የታች ጥግ፣ እንዲሁም በእጅ ብቻ ከታረመው የጎረቤት ማሳ ተመሳሳይ ጥግ አፈር ወስደን በሦስት ሰሃን ፌጦ ዘራን። ሦስተኛው ሰሃን ባይኖር ኖሮ ጥፋቱ የኬሚካሉ ይሁን የጭቃው መለየት አይቻልም ነበር። በአምስተኛው ቀን የላይኛው ክፍልና የጎረቤት ፌጦ ሥር ረዝሞ ወረደ፤ የታችኛው ጥግ ግን አጥሮና ወፍሮ ቀረ። አጎቴ ሰሃኖቹን እያገላበጡ አዩና «ሁለት ሳምንት አልሽኝ እኮ» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ላይኛውን ክፍል ወዲያው ዘሩት። ለታችኛው ጥግ ውኃው እንዲወርድ ቦይ ቀደዱለት፤ መሬቱ ተሰንጥቆ አየር ሲገባው የየካቲት ባክቴርያዎቼ ይነሣሉ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከዚያው ጥግ በተወሰደ አፈር የበቀለው ፌጦ ሥሩን ከጎረቤቱ እኩል ለማውረድ ጥቂት ብቻ ቀረው፤ አጎቴም ዘሩበት። ጓያው በቅሏል፣ ቅጠሉም አልተጠማዘዘም። ግን ዘግይቶ ስለተዘራ እርጥበቱ አለቀበት፤ ቆባው ጥቂት፣ ፍሬውም የከሳ ሆነ።

የመመረቂያ ጽሑፌ አሁን ሁለት ዓይነት ጠርሙሶች አሉት። በዚህ ሰኔ ደግሞ አጎቴ ከመርጨታቸው በፊት የታችኛውን ጥግ ለይተው በእጅ ሊያርሙት ወንፈል ጠርተዋል፤ እኔም ተጠርቻለሁ።