42 ባይት፦ ከአረርቲ እስከ ደብረ ብርሃን

የወሩ መጨረሻ ነበር። አረርቲ ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛዋ የደመወዝ መክፈያውን ለመክፈት ከጠዋት ጀምረው ይታገላሉ። የፕሮግራሙ መስኮት ይከፈታል፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መምጣት ይጀምርና መካከል ላይ ቀጥ ይላል። የኔትወርክ ባለሙያው አጠገባቸው ቆሞ ደብረ ብርሃን ያለውን ሰርቨር በፒንግ ጠየቀ፤ ሰርቨሩም ሳይዘገይ መለሰ።

«መስመሩ ደህና ነው እትዬ» አላቸው።

«መስመሩ ደህና ከሆነ ታዲያ ደመወዙ የት ቀረ ልጄ?»

ባለሙያው መልስ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ ሥራውን ከድኅረ ምረቃ ትምህርቱ ጋር ያስኬድ ስለነበር፣ ትንሹን መልእክት የሚያሳልፍ መንገድ ትልቁን የሚያስቀረው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከደመወዙ ቀን በኋላም አብሮት ሰነበተ።

የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ አረርቲ በነጭ ጤፍ ስሟ የታወቀ ነው፤ ለሽምብራ ተመራማሪዎች ደግሞ አረርቲ የአንድ የተሻሻለ ዝርያ ስም ነው። በኔትወርክ ዐይን ግን ከተማዋ ከዞኑ ዋና ከተማ ከደብረ ብርሃን የራቀች አንድ ጫፍ ናት። መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራው ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ስዊች ላይ እንደሚገኙ ታስቦ ነው። ሰርቨሩን የሚፈልገው በአድራሻ ሳይሆን በጥሪ ነው፤ ብሮድካስት በሚባለው መንገድ «ሰርቨር ሆይ፣ ወዴት ነህ?» ብሎ ወደ ሁሉም ይጮኻል። ራውተር ግን እንዲህ ያለውን ጩኸት አያሳልፍም፤ ሥራው በአድራሻ የተጻፈውን ማድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አረርቲ ላይ የተነሣው ጥሪ አረርቲ ላይ ይቀራል።

መፍትሔ ሆኖ የተመረጠው የኢተርኔትን ፍሬም በአይፒ ፓኬት ሆድ ውስጥ ከትቶ የሚያሻግር ታነል ነበር። ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካልፍ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ሲያስበው ተቀራርበው የሚቀመጡ ማሽኖችን ለማገናኘት የታሰበ ነበር። በኋላ ዘመን ግን ሩቅ ለሩቅ ያሉ ቢሮዎች እንደ ጎረቤት መነጋገር ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አርኤፍሲ 3378 ፍሬምን በቀጥታ በአይፒ ውስጥ የማስገባትን ዘዴ መዘገበ፤ በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7348 ደግሞ ቪኤክስላንን አመጣ፤ ይህም በትልልቅ የመረጃ ማዕከላት ከ16 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ መረቦችን ለይቶ ለመሸከም የሚያስችል ነው። ባለሙያው እጅ የነበረው ማይክሮቲክ ራውተር በጂአርኢ ላይ የተመሠረተ የራሱ ታነል አለው። አወቃቀሩ ቀላል ነው፤ ምናልባትም ችግሩ የሚጀምረው ከቅለቱ ነው። በሁለቱም ጫፍ የሌላኛውን ወገን የአይፒ አድራሻ መጻፍ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የታነል መለያ ቁጥር መስጠት፣ ከዚያም ታነሉንና የቢሮውን ወደብ በአንድ ብሪጅ ማሰር ብቻ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አረርቲና ደብረ ብርሃን በአንድ ስዊች ላይ የተሰኩ መሰሉ።

መሰሉ እንጂ አልሆኑም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ያልፋል። ጤፍ የጫነ አይሱዙ በእንደዚህ ያለ ዋሻ በራሱ ጎማ ያለ ችግር ያልፋል እንበል። ያው አይሱዙ ሎቤድ ላይ ተጭኖ ቢመጣስ? ጭነቱ ያው ነው፣ ዋሻውም ያው ነው፤ ቁመቱ ግን በሎቤዱ ልክ ጨምሯል። በአይፒ መንገድ ላይ የተለመደው የዋሻ ቁመት 1500 ባይት ነው። ታነሉ በእያንዳንዱ ጭነት ላይ 20 ባይት የአይፒ፣ 8 ባይት የጂአርኢ እንዲሁም 14 ባይት የውስጠኛውን ኢተርኔት ራስጌ ይጨምራል፤ በድምሩ 42 ባይት። ለዋናው ጭነት የሚተርፈው 1458 ባይት ብቻ ነው።

ፒንግ በተለመደው መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ያልፋል። የስም ዝርዝሩ ግን በሙሉ መጠን ፓኬት ተሞልቶ ይመጣል። ባለሙያው ይህን የጠረጠረው ከሰዓት በኋላ ነው። የፒንጉን መጠን 1472 አድርጎ እንዳይከፋፈል ምልክት ሰጠው፤ በላዩ ላይ የሚጨመረው 28 ባይት ሲታሰብ ልክ 1500 ይሆናል። መልስ የለም። ቀስ በቀስ እያነሰ ወረደ። 1431 ላይ አሁንም ዝም። 1430 ላይ ሰርቨሩ መለሰ። 1430 ሲደመር 28፣ 1458።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በመካከል ራውተር ቢኖር ኖሮ ከመጠን ያለፈውን ፓኬት ሲጥል ለላኪው «ጭነትህ በዝቷል፣ ቀንሰህ ላክ» ብሎ ይነግረው ነበር። ብሪጅ ግን ለዚህ አንደበት የለውም። ስዊች መስሎ እንዲታይ የተሠራ ነውና እንደ ስዊች ዝም ብሎ ይጥላል። ላኪውም ተቀባዩም በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ስለሚመስላቸው መካከላቸው ጠባብ ነገር ይኖራል ብለው አይጠረጥሩም። ታነሉ ርቀቱን አላስቀረውም፤ የርቀቱን ምልክቶች ግን ሰውሯል፤ የስሕተቱን መልእክትም አብሮ።

የዚያን ቀን የተደረገው ጥገና አጭር ነበር። በብሪጁ ላይ የሚያልፈው ትራፊክ በራውተሩ የአይፒ ማጣሪያ እንዲያልፍ ተደርጎ፣ ሁለቱ ማሽኖች የቲሲፒ ግንኙነት ሲጀምሩ የሚስማሙበት የጭነት መጠን ከ1418 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ከ1458 ላይ 40 ባይት የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ዝርዝሩ ተከፈተ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ምን እንደተደረገ አልጠየቁም፤ የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነበራቸው።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረርቲ ላይ ያሉ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ዘገየባቸው፤ ሌሎቹ ደህና ነበሩ። ሲጣራ የዘገዩት ማሽኖች አድራሻቸውንም መውጫ በራቸውንም ያገኙት ከደብረ ብርሃን ነው። አድራሻ የሚያድለው የአረርቲው አገልግሎት በሠራተኞች ስልክ ተጨናንቆ የሚሰጠው ሲያልቅበት፣ የደብረ ብርሃኑ በታነሉ በኩል የመጣውን ጥያቄ ሰምቶ በደግነት መለሰ። ከዚያ በኋላ አረርቲ ላይ የሚከፈት ድረ ገጽ ሁሉ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ ነበረበት። መድኃኒቱ እንዲህ ያለው ጥያቄ ታነሉን እንዳይሻገር በብሪጁ ላይ መከልከል ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይከለከለው ነገር፣ ጊዜው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከመንግሥት አውታር ጋር ማገናኘት ሲጀምር፣ የመሬት መስመር ያልደረሰባቸው በሳተላይት ነበር የሚገናኙት። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት ጋ ደርሶ ወደ ምድር ለመውረድ ምልክቱ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥያቄና መልስ ሲሆን ግማሽ ሴኮንድ። እንዲህ ያለው የሂሳብ ፕሮግራም አንድ ሰነድ ለመክፈት አንድ ሺህ ትንንሽ ጥያቄዎችን አንዱን ሲጨርስ ሌላውን እያስከተለ ቢጠይቅ፣ በሳተላይት ከ8 ደቂቃ በላይ መጠበቅ ይሆናል። 20 ሚሊሴኮንድ በሚፈጅ የመሬት መስመር ላይ እንኳ 20 ሴኮንድ ነው። ይህን የመስመሩን ስፋት በመጨመር ማዳን አይቻልም፤ የሚያስጠብቀው የመንገዱ ርዝመትና የፕሮግራሙ ወሬኛነት ነው።

ባለሙያው ትምህርት ክፍል ውስጥ ሁሉንም ቢሮዎች በአንድ ትልቅ ኢተርኔት ማሰር አስተዳደርን ያቀላል ብሎ የተከራከረ ሰው ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው መጽሐፍ አይደለም። ለመጠባበቂያ በሞባይል መስመር ሁለተኛ ታነል ለመዘርጋት ሲያቅድ፣ የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት የዕድሜ ቆጣሪ እንደሌለው አስታወሰ። በአይፒ መንገድ የጠፋ ፓኬት ቆጣሪው ሲያልቅ ይሞታል፤ በሁለት ታነሎች መካከል ቀለበት ውስጥ የገባ ብሮድካስት ግን አንድ ሰው ገመድ እስኪነቅል ድረስ ይዞራል፤ እየተባዛም ይሄዳል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የቀለበት መከላከያውን ስልት ያወጣችው ለዚህ ነው። ስልቱን ያለ ጥንቃቄ አዋቅሮ የሁለት ከተማ ቢሮዎችን በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል።

ስለዚህ አጠበበው። ሁለቱ ቢሮዎች በተለያየ የአይፒ ክልል ተለያዩ፤ ኢሜይሉ፣ ማተሚያው፣ ኢንተርኔቱ በራውተር መንገድ ሄደ። ታነሉ ውስጥ የቀሩት የሂሳብ ኮምፒውተሮቹና ሰርቨሩ ብቻ ሆኑ፤ ያለ ጥሪ መነጋገር የማይችሉት እነርሱ ናቸውና። ያንኑ ሰሞን አንድ ነገር ደግሞ አሳፈረው፤ ታነሉ ራሱ ምንም ምስጠራ የለውም፤ የሰው ሁሉ ደመወዝ እስከዚያ ቀን ድረስ ገላጣውን ሲጓዝ ነበር። በላዩ ላይ አይፒሴክን ጨመረ። አይፒሴክም የራሱን ባይቶች ስለሚጠይቅ የታነሉን መጠን ወደ 1400፣ የቲሲፒውን ጭነት ወደ 1360 አወረደ።

የአረርቲው ራውተር ሆድ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች። ለሚቀጥለው ባለሙያ የተጻፈች ናት፦ የታነሉ መለያ ቁጥር፣ በታነሉ እንዳይሻገሩ የተከለከሉት ነገሮች፣ እንዲሁም በአንድ መስመር የተሰረዘ 1418፣ ከጎኑ 1360። ከታች በትንሹ፦ «ፒንግ ቢመልስም በትልቅ ፓኬት ሳትሞክር መስመሩ ደህና ነው እንዳትል።»