የጥምቀት ማለዳ የሚሞላው ቁጥር

2,147,483,647። ሁለት ቢሊዮን ምናምን ብለን የምናልፈው ቁጥር ነው። እኔ ግን ሳላስበው የምውል አይመስለኝም።

ለሒሳብ ሰዎች የክብር ቁጥር ነው። 31 ሁለቶችን አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ ይገኛል። ሊዮንሃርድ ኦይለር ከ1ና ከራሱ በቀር ለማንም እንደማይካፈል፣ ማለትም ብቸኛ ቁጥር እንደሆነ፣ በ1772 እ.ኤ.አ. አረጋገጠ። ያውም ያለ ካልኩሌተር! ያገኘውን ሁሉ እያካፈለ አልደከመም። አካፋይ ቢኖረው ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ አሰበና ከ46,341 በታች ያሉትን ጥቂቶቹን ብቻ ፈተሸ። አስቀድሞ ማሰቡ ልፋቱን ቀነሰለት። ይህችን ያዙልኝ።

ኮምፒውተር ይህን ቁጥር የሚያውቀው እንደ ጣሪያ ነው። በ0ና በ1 ሲጻፍ 31 አንዶች ይደረደራሉ፤ ዜሮ የለበትም። 32 ቦታ ያለው ቆጣሪ አንዱን ቦታ ለምልክት ትቶ የቀሩትን ሲሞላ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ከተጨመረበት እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ይገለበጣል፤ ግን ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ ኔጋቲቭ። በ2014 እ.ኤ.አ. «ጋንግናም ስታይል» የተባለው ዘፈን ተመልካቹ በዝቶ ይህን ቁጥር ሲያልፍ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ማስፋት ነበረበት።

የዘፈኑስ ቀላል ነው። ከባዱ የሰዓቱ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያውቁት ከጃንዋሪ 1, 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቁጠር ነው። ባለ 32 ቦታው ቆጣሪ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው።

አዎ፣ የጥምቀት ዕለት! ቢሮው ተዘግቶ፣ ባለሙያው ነጠላውን ለብሶ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆሞ። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለ መሣሪያ ቀኑን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ይለዋል። ዘመነ ምኒልክ ማለት ነው። ደመወዝ፣ ወለድ፣ የብድር መክፈያ ቀን በዚያ ቢሰላ አስቡት።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ቆጣሪውን ወደ 64 ቦታ ማሳደግ። ያ ደግሞ ወደ 292 ቢሊዮን ዓመት ያስኬዳል። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ተሻግረዋል። እኔን የሚያሳስቡኝ ጥግ ላይ የተረሱት ናቸው። «እስከሠራ ድረስ አትንካው» ተብለው ዓመታት ያስቆጠሩ መሣሪያዎች፣ ጻፊያቸው ሥራ የለቀቀ ፕሮግራሞች።

ስለዚህ ዕቃ የምትገዙ፣ ጨረታ የምታወጡ ወገኖች፣ «ከ2030 በኋላ በትክክል ይሠራል ወይ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። የአይቲ ባለሙያዎች ደግሞ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ቀኑን ወደፊት አድርጋችሁ ምን እንደሚሆን እዩ።

«ድንገት ደረሰብን» የሚባለው ቀኑ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ነው። ይሄኛው እስከ ሰከንዱ ታውቋል። ኦይለር ሳይደክም የጨረሰው አስቀድሞ ስላሰበ ነው፤ እኛም አሁን ካሰብንበት የዚያን ዕለት ጥምቀትን በሰላም እናከብራለን።

ቸር እንሰንብት።