ክኒኑን ከመጣላችሁ በፊት

ውድ እኅቶቼ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ከሌላ የሰማሁትን ሳይሆን በራሴ የደረሰውን ነው። ከእናንተ መካከል ይኸው ችግር የገጠማት አንዲት እናት እንኳ ብትኖር ትጠቀምበታለች በማለት ዝምታውን ለመተው ወስኛለሁ።

የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ድብርት ያዘኝ። ጎረቤቶቼ «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» ቢሉኝም አላለፈም። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሰርትራሊን የተባለ የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅልፌም ምግቤም ተመለሰ፤ ወደ ሥራዬም ገባሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒቱን እየወሰድኩ ሳለ ሁለተኛውን ፀነስኩ። ይህን የሰማች አንዲት ወዳጄ «ያን ክኒን አሁንም ትውጫለሽ? የልጅሽን አእምሮ ልታበላሺ ነው እንዴ!» አለችኝ። በዚያው ምሽት ማንንም ሳላማክር የቀረውን ክኒን ሽንት ቤት ጨመርኩት። ጥሩ እናት የሆንኩ መሰለኝ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሴን አዞረኝ። ቀጥሎ እንቅልፍ ራቀኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ምግብ አልቀምስ አልኩ፤ የእርግዝና ክትትል ቀጠሮዬንም ሁለት ጊዜ አሳለፍኩ። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ እጄን ይዞ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

ሐኪሟ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ መድኃኒቱ ፅንሱ ዘንድ እንደሚደርስ ነግረውሻል። በሽታውም እንደሚደርስ ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ያስረዱኝንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

መድኃኒቱ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ማለፉ እውነት ነው። መድኃኒቱ የሚሠራበት ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገርም በፅንሱ አንጎል ዕድገት ውስጥ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ በተወለዱ ሰሞን ፍሉኦክሰቲን የተሰጣቸው አይጦች ሲያድጉ የጭንቀት ጠባይ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ሥጋቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ እርግዝናዎችን የመረመረ ጥናት ወጣ። ላይ ላዩን ሲታይ መድኃኒቱን በወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝምና የትኩረት ችግር በርከት ብሎ ተገኘ። ነገር ግን የእናቶቹ ሕመምና አኗኗር ሲገናዘብ፣ ከአንድ እናት የተወለዱትም እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠፋ ለማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ያልታከመ ድብርት ያለጊዜው ከመውለድ ጋር ይያያዛል። በአገራችንም ቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ጭንቀትና ድብርት የበረታባቸው እናቶች ምጥ እንደሚረዝምባቸውና ጡት ማጥባት እንደሚዘገዩ አሳይቷል።

ይህ ማለት የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ለሚጥል በሽታና ለአንዳንድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ቫልፕሮኤት የፅንሱን አንጎል እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። እርሱም ቢሆን የሚለወጠው በሐኪም እንጂ በራስ ውሳኔ አይደለም።

መድኃኒቱን እንደገና ጀመርኩ። ልጄ በተወለደ ማግሥት እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ፣ ያለ ዕረፍት ያለቅስ ነበር። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሟ አስቀድመው ቢነግሩኝም አልደነገጥኩም ብል ውሸት ይሆናል። በጥቂት ቀናት ለቀቀው። ዛሬ አራት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄው አያልቅም። የእኔ ልጅ ደኅና መሆን ግን ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። ሕመሟ ቀላል የሆነ እናት በምክር ብቻ ልትድን ትችላለች፤ ለሌላዋ መድኃኒቱ ሊቀየር ይችላል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የዋጥኩት ክኒን ሳይሆን፣ ሳልጠይቅ በመጣሌ ከልጆቼ የነጠቅኳቸው ሁለት ወራት ናቸው። እኅቶቼ፣ ለመፀነስ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ከፀነሳችሁም ፈጥናችሁ ጠይቁ። ክኒኑ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ሽንት ቤት ደጃፍ ሳይሆን ሐኪም ፊት ተቀምጣችሁ ወስኑ።